የነጣ ጄልኮት ላይ ቀለም ልቀባ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «6 ሜትር የምትሆን የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ጎኗ ነጥቷል። እጄን ሳሻሽበት ዱቄት ይዞ ይመለሳል። አፍንጫዋ አካባቢ ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉ። በየዓመቱ ሰም እቀባታለሁ፤ ወር ሳይሞላት ተመልሳ ትነጣለች። ጓደኛዬ ‹ጄልኮት አንዴ ካረጀ አለቀለት፤ የመኪና ቀለም ገዝተህ ለቅልቃት› ይለኛል። ልቀባት? ከቀባሁስ ያንኑ ጥቁር ሰማያዊ ልመልስላት?»

አሁን አይቅቡ። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች የምረዳው የጄልኮቱ፣ ማለትም የጀልባዋ ባለቀለም የውጭ ሽፋን፣ ላይኛ ቆዳ በፀሐይ መቃጠሉን ብቻ ነው። ማለቁን ገና አላየንም። ከሥሩ ጤነኛ ሰማያዊ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያንን ሳያረጋግጡ ቀለም ከደፉበት መመለሻ የለውም፤ ጀልባዋ ከዚያ ወዲያ በየጥቂት ዓመቱ ቀለም የምትጠይቅ ጀልባ ሆነች ማለት ነው። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሙከራ መልሱን ቁልጭ አድርጎ ይነግርዎታል። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ ሁለት ነገር እናስተካክል።

ብዙ ሰው ጄልኮትን ፋብሪካ የቀባው ቀለም አድርጎ ነው የሚያስበው። የፋይበርግላስ ጀልባ የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። የጀልባዋን ቅርጽ የሚያወጣው ሞልድ ተወልውሎ ሰም ይቀባል። ከዚያ ቀለም የገባበት ፖሊስተር ሬዚን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ ፈሳሽ፣ ይረጭበታል። ጄልኮት ማለት ይሄ ነው። እሱ ጠንከር ማለት ሲጀምር ከጀርባው የመስታወት ክር ጨርቅ (ፋይበሩ) በሬዚን እየራሰ ይነጠፋል። ሁለቱ ተያይዘው አንድ አካል ይሆናሉ። ስለዚህ ሰማያዊው የጄልኮቱን ውፍረት ሙሉ ዘልቆ የገባ ነው። ላዩ ቢፋቅ ከሥሩም ያው ሰማያዊ ይወጣል።

ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ስድስት የደብተር ወረቀት ደርበው ቢይዙ ያን ያህል ይሆናል። የጀልባ ቀለም ሁለት ሦስት እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ አንድ ወረቀት ቢያክል ነው። ጓደኛዎ እንግዲህ አምስቱ ወረቀት ውስጥ ምን እንደቀረ ሳያዩ አንዷን ከላይ እንዲለጥፉ ነው የሚመክርዎት።

ዱቄቱ ከየት መጣ? የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ላይኛውን ሬዚን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ሬዚኑ ጨብጦ ይዞት የነበረው የቀለም ብናኝ ይላቀቃል። እጅዎ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ፊቱም በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ይሞላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት በየአቅጣጫው ይበተናል። ነጭ መስሎ የሚታይዎት ለዚህ ነው። ነጭ ጀልባ ላይም ይሄው ይደርሳል፤ ግን ነጭ ላይ ነጭ ማን ያይበታል? ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ ናቸው ቶሎ የሚያሳጡት።

ሰሙ ወር የማይቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰም ዱቄት አያነሳም። ዱቄቱ ላይ ተቀብቶ ጉድጓዶቹን ለጊዜው ይደፍናል፣ ቀለሙን ያጨልማል። ሰሙ ሲረግፍ ዱቄቱ እዚያው ነው። አቧራው ሳይራገፍ ክሬም የተቀባ ጫማ ስንት ሰዓት ያበራል? በየዓመቱ የለፉት ልፋትም ይሄው ነበር።

አሁን ወደ ሙከራው። አንድ ባልዲ ውሃና ጨርቅ ይያዙ። ጎኗን በሰፊው ያርጥቡና ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይመልከቱ። ርጥብ ሳለች ሰማያዊነቷ ተመልሶ፣ ስትደርቅ ከነጣች ደስ ይበልዎት። ውሃው ጉድጓዶቹን ስለሞላ ከሥር ያለውን ቀለም እያዩ ነው። ርጥብ ሆናም ዥንጉርጉር ከሆነች፣ ወይም የጨርቅ ሽመና የሚመስል መስመር ብቅ ካለ፣ ጄልኮቱ ሳስቷል።

ውሃው ፍንጭ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ቀጥሎ ባለው ነው። ፀሐይ ክፉኛ በመታው ጎን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ በወረቀት ፕላስተር ይከልሉ። ጠርዝ ላይ አይሁን። በሳሙና ይጠቡት፤ የቀረውን ሰም በሰም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ያንሱ። ከዚያ ክልሉን በእርሳስ ከላይ ወደ ታችና ከግራ ወደ ቀኝ ያስምሩበት። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ፍቀቱ እኩል መሄዱን የሚነግርዎት ይሄ መስመር ነው። ባለ1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ጠንከር ባለ ስፖንጅ ላይ ጠቅልለው፣ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ እየነከሩ፣ ሳይጫኑ ይፈትጉ።

የሚወርደውን ውሃ ልብ ይበሉ። መጀመሪያ እንደ ኖራ ውሃ ነጣ ያለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያን ጊዜ ዱቄቱን ጨርሰው ጤነኛው ላይ ደርሰዋል። የእርሳሱ መስመር ሲጠፋ ያቁሙ። በ1500፣ ከዚያ በ2000 ይድገሙት። አሁን የሚያዩት ፈዛዛ ግን አንድ ወጥ የሆነ ሰማያዊ ነው። እንዳያስደነግጥዎት፤ እንደዚያ መሆን አለበት። ኮምፓውንድ በሚባለው መፈተጊያ ቅባት ይሹት፣ በፖሊሽ ይጨርሱት፣ ሰም ይቀቡትና ፕላስተሩን ያንሱ።

አንድ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አጠገቡ አስጠግተው ፊደሎቹ ጎኗ ላይ ከተነበቡ ጄልኮቱ አለ። ቀለም አያስፈልግዎትም፤ ያቺን 30 ሴንቲ ሜትር በጎኗ ሙሉ መድገም ነው የቀረዎት። አድካሚ ነው፤ አልዋሽዎትም። በመወልወያ ማሽን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ካበራ በኋላ ግን የቀለሙ ድምቀት ቦታ ቦታ የሚለያይ፣ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ከመሰለ፣ ወይም የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ከወጡ ሌላ ወሬ ነው። ያኔ ስለ ቀለም እናወራለን።

ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ልበልዎት፤ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት ቀይ ጀልባ እየወለወልኩ የኋላዋ ማዕዘን ላይ ማሽኑን ከሚገባው በላይ አቆየሁት። ሲሞቅ ታወቀኝ፤ ሳነሳው ግን ጣት የምታህል ቢጫ ቦታ ፍጥጥ ብላ አየችኝ። ፋይበሩ ላይ ደርሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዕዘንን በማሽን አልነካም። በእጄ ነው የምጨርሰው። እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ። ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ይያዙት፤ አንድ ቦታ አያቁሙት።

ውልወላው ልክ አለው። በብርጭቆ ወረቀት በፋቁ ቁጥር ከአምስቱ ወረቀት ትንሽ እየበሉ ነው። በጀልባዋ ዕድሜ ጥቂት ጊዜ እንጂ በየዓመቱ የሚደረግ ሥራ አይደለም። ዱቄቱን ካነሱ በኋላ ሰሙን በዓመት ሁለት ሦስቴ ማደስ፣ ጀልባዋ ስትቆም በሸራ መሸፈን ግድ ይላል። ጥቁር ሰማያዊ ያለ ሸራ ብዙ አይቆይልዎትም። «ይሄን ሁሉ ትዕግስት የለኝም» ካሉ አልፈርድብዎትም። ጄልኮቱ ባያልቅም ቀለም መቀባት ተገቢ የሚሆንበት አንድ ምክንያት ይሄ ነው።

ስንጥቆቹን ለየብቻ እንያቸው፤ ቀለም ይሸፍናቸዋል ብለው አስበው ከሆነ ይርሱት። ስንጥቅ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ቀለሙን ይዞ ይሰነጠቃል። ባይንቀሳቀስም እንኳ የሚያበራ ቀለም ጉድጓዱን ከበፊቱ አጉልቶ ነው የሚያሳየው። ቅርጻቸውን ይመልከቱ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ኮከብ ከተበተኑ የሆነ ነገር መቷታል። ማዕዘን ተከትለው ወይም በቡሎን ዙሪያ ጎን ለጎን ከሄዱ እዚያ ቦታ ገላዋ ይለመጣል። የደረቀ ጭቃ መሬት መስለው ሰፊ ቦታ ከያዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጄልኮቱ ሲረጭ መወፈሩና ከዕድሜ ጋር መድረቁ ነው።

በመዳፍዎ ጫን ይበሉት። ገባ ወጣ ካለ ችግሩ ከጄልኮቱ በታች ነው፤ ከውስጥ በኩል ፋይበር ተጨምሮ ካልጠነከረ የላይ ጥገና ለወጉ ነው። በፕላስቲክ የመፍቻ እጀታ ያንኳኩት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ካርቶን እንደመምታት ድፍን ካለ ንጣፉ ከንጣፍ ተላቅቋል ወይም ውሃ ገብቶበታል። እሱ ባለሙያ በአካል አይቶት የሚወሰን ነው፤ ቀለምም ሰምም አይነካካው።

ገላው ጠንካራ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ስንጥቁን በትንሽ መፈልፈያ ማሽን እስከ መጨረሻው ተከትለው በቪ ቅርጽ ይክፈቱት፣ ያጽዱት፣ ይሙሉት። ሳይከፍቱ ላዩን ቢለቀልቁት መሙያው ወደ ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምን እንደሚሞላ ነው። ጎኗን ወልውለው ሊያቆዩ ከሆነ በጄልኮት ይሙሉት። ቀለም ሊቀቡ ከሆነ ኤፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል ሌላ ዓይነት ሬዚን) መሙያ ይሻላል። ኤፖክሲ የሞሉበት ቦታ ላይ በኋላ ጄልኮት ልመልስ ቢሉ በደንብ አይይዝልዎትም። ስለዚህ ሙከራውን ጨርሰው ሳይወስኑ ስንጥቅ መድፈን አይጀምሩ። ለጥገና የሚሸጠው ጄልኮት ሰም ከሌለበት ደግሞ አየር እየነካው ላዩ አይደርቅም፤ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። በላስቲክ ይሸፍኑት። አዲሱ ሰማያዊ ከአሮጌው ጋር ፍጹም ይገጥማል ብለውም አይጠብቁ። ከጄልኮቱ ጋር የሚቀላቀለው ማድረቂያ ፈሳሽ ፐርኦክሳይድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን አይክፈቱ።

እንበልና ሙከራው ጄልኮቱ ማለቁን አሳየ። ያኔ ቀለም ትክክለኛ መልስ ነው። ስለ መኪና ቀለሙ ጓደኛዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ማጠንከሪያ እየተቀላቀለ የሚረጨው የመኪና ቀለምና ፖሊዩሬቴን የሚባለው የጀልባ ቀለም በኬሚስትሪ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ችግሩ ከሥር የሚገባው ነው። የመኪና ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ጀልባ ላይ ሲቆይ ያብጣል፣ ይላቀቃል። ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመሩም ለርጥበት የተሠራ አይደለም። ከፕራይመር እስከ መጨረሻው እጅ የአንድ አምራች የጀልባ ቀለም ይጠቀሙ፤ የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ አያደባልቁ።

የጀልባ ቀለም በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ከቆርቆሮው ተከፍቶ እንዳለ የሚቀባው ነው። ለመቀባትም ለማደስም ቀላል ነው፤ ጥቂት ዓመት ይቆያል። ሌላው ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ፖሊዩሬቴን ነው። በደንብ ከተሠራ ከ7 እስከ 10 ዓመት ድምቀቱን ይይዛል። ግን ስህተት አይምርም፣ ጤናም ይጎዳል። ሁለቱም ላይ ያለው ድካም ከቀለሙ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። አሥር ቀን ከሠሩ ዘጠኙ የማጽዳትና የመፈተግ ነው።

ዝግጅቱ ላይ አንድ ቅደም ተከተል እንዳይዛነፍብዎት። ሰም መጀመሪያ ይነሳል፤ ፍተጋ ከዚያ በኋላ ነው። ሰሙ ሳይነሳ ከፈተጉ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል። በፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ጠርገው፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያንሱት። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ የቆሸሸ ጨርቅ ሰሙን ከቦታ ቦታ ነው የሚያጓጉዘው። ከዚያ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው አንድ ወጥ ሆኖ ከወረደ ጸድቷል። ጠብ ጠብ እያለ ከተኮማተረ ሰም ወይም ሲሊኮን አለ፤ ይድገሙት። እርስዎ ለዓመታት ሰም ሲቀቡ ኖረዋል፤ ምናልባትም ሲሊኮን ያለበት። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ ቀለም ይሸሻል፤ ክብ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይከፈታል። ያንን በሌላ እጅ ቀለም አይሸፍኑትም፤ ፍቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ከጸዳ በኋላ ከ220 እስከ 320 በሚሆን ወረቀት ፈትገው ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀቡ፤ ደግመው ይፈትጉ። እንደ መያዣና መብራት ያሉትን ዕቃዎች ይፍቱ። በፕላስተር ከልሎ መቀባት ጊዜ ይቆጥባል፤ ቀለሙ መላጥ የሚጀምረው ግን ከዚያችው ጠርዝ ነው። የቆርቆሮው ጀርባ ላይ ያለውን የሙቀትና የርጥበት ልክ ያክብሩ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይቅቡ፣ ማምሻ ላይም አይጀምሩ፤ ጤዛ ያልደረቀ ቀለም ላይ ሲያርፍ ድምቀቱን ይገድለዋል።

እቤትዎ ራስዎ ከቀቡ በሩሎና በብሩሽ ይሁን። አንድ ሰው በሩሎ ስስ አድርጎ እየቀባ ይሄዳል፤ ሌላው ወዲያው ተከትሎ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ አረፋውን ያስተኛል። ሁለት ሰው ከተግባባ ከሁለት ክንድ ርቀት በስፕሬይ ከተረጨው ለመለየት ያስቸግራል። ስፕሬዩን ግን ይተዉት፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የዚህ ቀለም ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። ሲረጭ ጉም ሆኖ ሳንባ ይገባል፣ አስም ያስይዛል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ሽታው ብቻ የሚያፍነው ሰው አለ። ባለሙያዎች የሚረጩት ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል አድርገው ነው። በሩሎም ቢሆን ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ጓንት ያስፈልግዎታል። የጨርቅ ማስክ እዚህ ዋጋ የለውም።

ስለ ውሃ መስመሩም፣ ማለትም ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትሆን ውሃው ጎኗ ላይ ስለሚደርስበት ልክ፣ አልጠየቁኝም፤ ግን ሳልናገር ባልፍ ቆርቆሮ ይዘው ወደ ታች እንደሚወርዱ አውቃለሁ። የጎን ቀለም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ለሚቆይ ክፍል አልተሠራም። ጀልባዋ ውሃ ላይ ቆማ የምትከርም ከሆነ ያብጣል፣ ይላጣል። ከመስመሩ በታች ያለው ኤፖክሲ መከላከያና አልጌ እንዳይይዝ የሚያደርግ ቀለም ነው የሚፈልገው። እዚያ ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ካዩ ደግሞ ምንም ነገር ከመቀባትዎ በፊት ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ገላዋ በደንብ መድረቅ አለበት።

አዲስ ጄልኮት ማስረጨትም አለ። በሐሳብ ደረጃ ምርጡ ነው። በተግባር ግን ሲረጭ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፤ ያንን ሁሉ ፈትጎ ማለስለስ የቀለም እጥፍ ሥራ ነው። ለ20 ዓመት ጀልባ፣ ሰፊ ቦታ ካልተጠገነ በቀር፣ አልመክረውም።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሙከራውን በዚህ ሳምንት ይሥሩ። ዱቄቱ በ1000 ወረቀት ሄዶ ሰማያዊው ከተመለሰ ጎኗን ሙሉ ይወልውሉ፣ የአፍንጫዋን ስንጥቆች በጄልኮት ይጠግኑ፣ ሸራ ይግዙላት፣ ቀለሙን ይርሱት። ካልተመለሰ፣ በሩሎና በብሩሽ ባለማጠንከሪያውን ፖሊዩሬቴን ይቀቡ። ያን ያህል ዝግጅት የማይመችዎት ከሆነ ከቆርቆሮው እንዳለ የሚቀባውን ይቀቡ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚያድሱት አውቀው።

ጥቁር ሰማያዊውን መመለስ? ከቀቡ አይመልሱት። ጥቁር ቀለም እኩለ ቀን ላይ እጅ እስከማያስቀምጥ ይሞቃል። አሮጌው ፋይበር ሲግል የጨርቁ ሽመና በቀለሙ ላይ ይወጣል፤ የገላዋ ጉብጥብጥም ሁሉ ይታያል። ከዳር ስትቆም ገመድና መከላከያ ትራስ የሚፈትጓት ጭረትም ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይጮሃል፤ ቀለሙ ደግሞ ስስ ስለሆነ እንደ ጄልኮት ፍቀው አያጠፉትም። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይቀቡ። ሰማያዊው ከናፈቀዎት ከላይ ጠርዟ ላይ ቀጭን መስመር ያስምሩላት።